አምባሪቾ የሰው ስም አይደለም

ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፍ ዕቃውን ስናስተካክል በቆርቆሮ የብስኩት ሣጥን ውስጥ የአያቴን ንብረት አገኘሁ። አንድ ፎቶግራፍና አንዲት የደበዘዘች የሥራ መታወቂያ ካርድ ናቸው። ካርዷ በላቲን ፊደል በታይፕ የተመታች ስትሆን ስሙን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የትውልድ ቦታውን ‹ሸዋ› ብላ፣ ቀኑን ደግሞ 12-9-62 ትላለች። አያቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠራ እንደነበር እናውቃለን፣ ሌላ ነገር አናውቅም። አጎቶቼ ‹ፎርማን ነበር› ይላሉ። አክስቴ ግን ስለ እሱ ስጠይቃት ቡና ላፍላ ብላ ትነሣለች። ሸዋ ስለሚል ከመንዝ ወይም ከቡልጋ የመጣን እየመሰለን አደግን። አያቴ ሲተክዝ ‹አምባሪቾ፣ አምባሪቾ› ይል ነበር፤ የድሮ ጓደኛው ስም ነው እንል ነበር። ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ሲጠሩት አንገቱን ማዞር አቅቶት በሙሉ ሰውነቱ ሲዞር፣ እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሴት አያቴ ጡረታ በምትቀበልበት ቀን ይዛኝ ሄዳ ከረሜላ ስትገዛልኝ ነው። ፎቶው ላይ የሚመስለንን ፈልጌ አጣሁ። አባቴና አክስቴ እንኳ የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም ነበር፤ አባቴ የ1952 ልጅ ነው፣ ጥርሱ የበለዘ ስለነበር ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድን ነበር፣ በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠው አክስቴ ግን ጥርሷ እስከ ዛሬ ወተት ነው። የአያቴን የልደት ምስክር ወረቀት ከየት ላገኝ እችላለሁ? የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ለልጆቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። አደራ፣ የቤተሰቤን ስም አያውጡብኝ።
የልጅ ልጅ፣ ከአዳማ

ልጄ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ከአሁኑ እርሽው። የለም። ጠፍቶ ሳይሆን ተጽፎ ስለማያውቅ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጽ ጽፎ ሲያበቃ ሥራው የሚጀመርበትን ጊዜ ወደፊት ለሚወጣ ትእዛዝ ተወው። ያ ወደፊት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ሲሆን በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በመካከሉ ማዘጋጃ ቤቶች ለጠየቃቸው ከተሜ ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ አያትሽ በተወለደበት ጊዜና ቦታ ግን ከእናቱና ከአዋላጇ በቀር ምስክር አልነበረም። የአባትሽ 1952ም ቢሆን አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። መታወቂያችንን የሰበሰበ ሰው የዚህ አገር ሕዝብ ተጠራርቶ መስከረም 1 ቀን የተወለደ ይመስለዋል።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በአቧራና በፋይል መካከል ነው። እዚያ ያየሁት ነገር ቢኖር ድሃ ሰው ወረቀት ላይ የሚወጣው ገንዘብ ሲንቀሳቀስ መሆኑን ነው። ሲከፈለው ይፈርማል፣ መጻፍ ካልቻለም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። ሲከፍል ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ሲቀጣ ከደመወዙ ስንት እንደተቆረጠ ይጻፋል። ሲታመም፣ ከሥራ የቀረበት ቀን ስለሚቆጠር፣ ካርድ ይወጣለታል። ሲያፈቅርና ሲናፍቅ የሚጽፍለት የለም። ስለዚህ አንቺም ‹አያቴ ማን ነበር?› ብለሽ ወደ ቢሮ አትሂጂ፤ ግራ ገብቷቸው ይመልሱሻል። ‹ማን ይከፍለው ነበር? እሱስ ለማን ይከፍል ነበር?› ብለሽ ተነሺ።

ለመሆኑ ደብዳቤሽ ውስጥ ሳታውቂ ስንት ነገር እንደነገርሽኝ ታውቂያለሽ?

አምባሪቾ የሰው ስም አይደለም፣ ተራራ ነው። ያለውም በከምባታ፣ በዱራሜ በኩል ነው። አያትሽ ሲተክዝ የሚጠራው አገሩን ነበር።

‹ሸዋ› የሚለውም አይጋጭም። እናንተ የዛሬውን ካርታ ይዛችሁ የትናንቱን ወረቀት ስላነበባችሁ ነው መንዝና ቡልጋ የገባችሁት። በንጉሡ ዘመን ‹ከምባታና ሐዲያ› ሆሳዕናን ዋና ከተማው ያደረገ የሸዋ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበር። ወንጂና የዚያን ጊዜዋ ናዝሬት ደግሞ በዚያው በሸዋ፣ በይረርና ከረዩ አውራጃ ውስጥ ነበሩ። ከአምባሪቾ ሥር ተነሥቶ ወንጂ የገባ ሰው ከጠቅላይ ግዛቱ እንኳ አልወጣም። ጸሐፊው ‹የትውልድ ቦታ?› ብሎ ሲጠይቅ ‹ሸዋ› የተባለው እውነት ነው፤ የካርዷ ክፍተት ለአውራጃና ለወረዳ አልበቃ ይሆናል፣ ወይም ጸሐፊው ቸኩሎ ይሆናል።

ለምን እንደመጣም መገመት አይከብድም። ከምባታ ሰው የበዛበት፣ ማሳው የጠበበ አገር ነው። እንሰት ከጓሮ ቆፍረሽ ትበያለሽ፤ ግብር ሰብሳቢው ግን እንሰት አይቀበልም፣ ጥሬ ብር ይላል። ብር የነበረው ወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የሚባለው በ1879 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም የተቋቋመ የኔዘርላንድ ኩባንያ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በስኳር ከብሮ የኖረ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ መጋቢት 1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ስንቱ ጎልማሳ ገጀራ ሊይዝ ወደዚያ እንደተመመ፣ የዛሬዎቹን የወንጂ ሰፈሮች ተዘዋውረሽ የሰዉን ስም ብትሰሚ ይገባሻል።

አሁን ቀኑን እንይ። 12-9-62 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ግንቦት 12 ቀን 1962 ነው። በፈረንጆች ከሆነ ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 1962፣ ማለትም መስከረም 2 ቀን 1955። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለ፤ አንድ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ማለት ነው። ይህን ስህተት አትናቂው። እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ዘበኛ የቅጥር ወረቀት በፈረንጅ ቀን የተጻፈ መሆኑን ሳላስተውል እንዳለ ገልብጬ አገልግሎቱን ስምንት ዓመት ገደማ አሳጠርኩበት። ሰውየው ጉዳዩ እስኪስተካከል በየጠዋቱ ከደጃችን ቆሞ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኝ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ካርዷ በላቲን ፊደል የተመታች ስለሆነች፣ ያወጣት ክፍልም የፈረንጅ ኩባንያ ስለሆነ እኔ ወደ 1955 አዘነብላለሁ። ሌላም ደጋፊ አለኝ። ከወንጂው ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ፋብሪካ፣ ሸዋ የሚባለው፣ ሥራ የጀመረው በዚያው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ፋብሪካ ሲከፈት ሰው ይቀጠራል። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይባልም። የአባትሽ ጥርስ ግን ይባላል።

አትሳቂ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚሉት ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ ወንጂም በዚህ ችግር ከታወቁት ቦታዎች አንዷ ናት። ይህን ውኃ በልጅነቱ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና ድዱ ውስጥ እየተሠራ ሳለ የጠጣ ሰው ጥርሱ በልዞ ይወጣል። የፊት ጥርስ ሽፋን ስምንት ዓመት ሳይሞላ ተሠርቶ ስለሚያልቅ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የመጣ ሰው በበርሜል ቢጠጣ ጥርሱ አይበልዝም። እንግዲህ አስቢው። ቤተሰቡ በ1955 አካባቢ ወንጂ ገባ ብንል አባትሽ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፣ አክስትሽ ደግሞ አሥራ ሁለት ሞልቷታል። እሱ በለዘ፣ እሷ አመለጠች። ግንቦት 1962 ገቡ ብንል ግን አባትሽ አሥር ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሱ አገሩ፣ በደጋ ምንጭ ውኃ ተሠርቶ አልቆ ነጭ ሆኖ በወጣ ነበር። አባትሽ ዕድሜ ልኩን በእጁ የከደነው ነገር የቤተሰባችሁ የመግቢያ ቀን ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ጥርሱ የሚናገረው ልጆቹ የመጡበትን ጊዜ ነው። አባትየው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ቀድሞ ይመጣል፣ ለአገዳ ቆረጣ ወራት ሠርቶ ክረምት ሲገባ ይመለሳል፣ ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ተመላልሶ ነው ሚስቱን የሚያመጣው። ስለዚህ አያትሽ ከ1955 በፊት ያለ ካርድ ወንጂን አይቷት ሊሆን ይችላል።

አንገቱም ቢሆን ያው ውኃ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ያን ውኃ ብዙ ዓመት ሲጠጡ የኖሩ የወንጂ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እየደረቀ፣ አንገታቸውና ወገባቸው አልታዘዝ እያለ እንደተቸገሩ በሕክምና የተጠና ጉዳይ ነው። ሐኪም ስላልሆንኩ የሞተ ሰው በሽታ ከደብዳቤ ላይ አልናገርም። ነገር ግን ፋብሪካው የራሱ ሆስፒታል ነበረውና የአያትሽ የሕክምና ካርድ ከተገኘ የሚያወራው ብዙ ነው።

ወደ ‹ፎርማን› ልምጣ፤ አጎቶችሽ ይቀየሙኝ ይሆናል። ፎቶውን በደብዳቤሽ ውስጥ ስለላክሽልኝ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ኮት ለብሷል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀርቷል፣ ማለት ለሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነው። የፎቶ ቤቱ ኮት ይመስለኛል፤ ያኔ ግድግዳቸው ላይ ኮትና ክራባት ሰቅለው የሚጠብቁ ፎቶ ቤቶች ነበሩ። ኮቱን ተይውና እጁን እዪ። የግራ እጁ ጠቋሚ ጣት ከጫፉ አጥሯል። አገዳ ቆራጭ በግራው አገዳውን ጨብጦ በቀኙ ገጀራውን ይሰነዝራል። ማሳው ቅጠሉ እንዲራገፍ አስቀድሞ ይቃጠላል፣ ቆራጩ ጥላሸት ለብሶ በላብና በጭስ መካከል ነው የሚውለው፤ ገጀራው በሚስትበት ጊዜ የሚያገኘው ግራ እጅን ወይም ግራ ቅልጥምን ነው። ጣቱ በሌላም ሊቆረጥ ይችላል። እኔ ግን ብወራረድ አገዳ ቆርጧል በሚለው ነው።

አጎቶችሽም ጨርሶ አልዋሹ ይሆናል። ከቆራጭና ከፎርማን መካከል ‹ካቦ› የሚባል አለ። ቃሉን ከጣሊያን ነው የወረስነው፤ የአንድ ጓድ ቆራጮች አለቃ፣ ራሱም ከእነሱ መካከል የወጣ ሰው ነው። ካቦ በልጆቹ አፍ ፎርማን ቢሆን ምን ይገርማል? ደግሞም ሴት አያትሽ ጡረታ መቀበሏን ነግረሽኛል። ይህች ከረሜላ ከደብዳቤሽ ሁሉ ውድ ዕቃ ናት። ለሟች ሚስት ጡረታ የሚከፈለው ሟቹ በቋሚ ሠራተኛነት የተመዘገበ ከሆነ ነው። ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ቆራጭ ይህን አያገኝም። ፋብሪካው ጥር 1967 ተወርሶ የመንግሥት ከሆነ በኋላ አያትሽ ቋሚ ሆኖ፣ ምናልባትም በሌላ የሥራ መደብ፣ ቆይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ፋይል አለ። ሁለት ፋይል ማለቴ ነው፦ አንደኛው የፋብሪካው የግል ማኅደር፣ ሁለተኛው በጡረታ መሥሪያ ቤት ያለው።

ከሁለቱ የጡረታውን አስቀድሚ። ፋብሪካው አሮጌዎቹን ሕንፃዎች ትቶ ወደ አዲስ ተዛውሯል፤ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ደግሞ መጀመሪያ የሚጣለው የሞተ ሰው ፋይል ነው። አሮጌ ፋይል በኪሎ ተሽጦ ሱቅ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ሩብ ኪሎ ስኳር ተጠቅልሎበት ቤቴ ድረስ መጥቷል። የጡረታ ፋይል ግን ገንዘብ እየተከፈለበት ስለሚቆይ ዕድሜው ይረዝማል። ተተኪ ተቀባይ ባለበት ፋይል ውስጥ ደግሞ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሞተበት ቀን፣ አገልግሎቱ ከመቼ እስከ መቼ፣ የመጨረሻ ደመወዙና የሥራ መደቡ፣ በዚያን ጊዜ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ስም ይገኛል። ሚስትነቷን የመሰከሩ ሰዎች ስምም ይኖራል። እነዚህን ምስክሮች አደራ እንዳታልፊያቸው። ድሃ ሴት ለምስክርነት የምትጠራው የአገሯን ሰው ነው።

ስትሄጂ ‹ስለ አያቴ ሕይወት መረጃ ፈልጌ› አትበይ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ‹የአቶ እገሌ ማኅደር ኮፒ ስለመጠየቅ። ስማቸው ከላይ የተጠቀሰው አያቴ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ በመለያ ቁጥር ይህን ያህል ከ1955 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሲሠሩ ቆይተው ያረፉ ሲሆን፣ የተተኪ ጡረታቸው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ እገሊት ሲከፈል ቆይቷል። የልጅ ልጃቸው መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ አባሪ አድርጌ ማኅደራቸው እንዲታይልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።› የሴት አያትሽ የጡረታ ደብተር ቤት ውስጥ ካለ ቁጥሩን ጨምሪበት። አባትሽ ስላረፈ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ይሆናል፤ ካላወጣችሁ መጀመሪያ እሱን። ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ በአክብሮት ሰላም በዪው። ፋይል የሚያገኘው ኃላፊው አይደለም፣ እሱ ነው።

ፋይሉ በስሙ ‹የለም› ቢሉሽ እዚያው ተስፋ አትቁረጪ። በላቲን ፊደል ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጨ እና ቸ ሊለዩ አይችሉም። አንድ ጊዜ በታይፕ ተመትቶ፣ ኋላ ላይ ከላቲኑ ወደ አማርኛ የተመለሰ ስም ተበላሽቶ ነው የሚመለስ። የአያትሽ ስም ከእነዚህ ፊደላት ሁለቱ ስላሉበት አራት ዓይነት አጻጻፍ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። ከዚህም የባሰ አለ። ‹ስምህ ለአፌ ከበደኝ› ብሎ በራሱ ፈቃድ የአማርኛ ስም አውጥቶ የሚመዘግብ ጸሐፊ ያኔ ብርቅ አልነበረም። እንዲህ ከሆነ የሚያድንሽ መለያ ቁጥሩ ነው። ቁጥር ለማንም አፍ አይከብድም።

‹እሱስ ለማን ይከፍል ነበር?› ላልኩት ደግሞ መልሱ እድር ነው። አክስትሽን ‹አያቴ ሲሞት ድንኳኑን ያመጣው የትኛው እድር ነበር?› በያት፤ ለቅሶ የሚረሳ ሰው የለም። የእድር መዝገብ አባሉ የገባበትን ቀን፣ ያልከፈለበትን ወር፣ የተቀጣበትን ሳንቲም ይይዛል። በመንግሥት ፋይል ካለው የመሞቻ ቀን ይልቅ የእድሩን አምናለሁ፣ ምክንያቱም እድርተኛው ቀብሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩም መዋጮ ይሰበስብ ነበርና ወንጂ ስትሄጂ ጠይቂ። ለቤተ ክርስቲያን አሥራት ወይም መባ ይሰጥ ከነበረ የየትኛው እንደሆነ አጣሪ፤ ከምባታ ውስጥ ኦርቶዶክስ ብቻ ሳይሆን ካቶሊክና ቃለ ሕይወትም ሥር የሰደዱ ናቸው። ካቶሊክ ከነበረ ደስ ይበልሽ። የእነሱ የጥምቀት መዝገብ ከዳር ጋብቻውን ሳይቀር የሚያስታውስ ነው።

ኔዘርላንድ ስላለው ልንገርሽና ልለፈው። የኤች ቪ ኤ ሰነዶች ሄግ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። የሥራ ሪፖርትና ውል ለሚያጠና ሰው ውድ ነገር ነው፤ የአንድ ቆራጭ ስም ግን እዚያ አገኛለሁ ብለሽ ገንዘብሽን አታውጪ። ከዚያ ይልቅ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ገብተሽ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ወንጂ የጻፏቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች አንብቢ። አያትሽ በስሙ አይኖርም፤ የተኛበት ቤት፣ የሰማው የፋብሪካ ጩኸት፣ የተከራከረበት የደመወዝ ጉዳይ ግን ሊኖር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አክስትሽ ናት። ወረቀቱ አንድ ወር ቢቆይ ምንም አይሆንም። እሷ ሰባ አልፋለች።

ለምን ዝም እንደምትል አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ከጓሮ እንሰትና ከአያት ከቅድመ አያት ተነጥላ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጭስ ወደሞላበት ሰፈር የመጣች ልጅ ናት። ቋንቋዋ እንዳይሳቅበት አፏን ይዛ አድጋ ይሆናል። ‹የቆራጭ ልጅ› ተብላ ይሆናል። ወይም አባቷ አገሩ ላይ ሌላ ሚስትና ልጆች ትቶ ይሆናል፤ ይህም ያጋጥማል፣ ካጋጠመም ለልጆችሽ የምትጽፊው ታሪክ ውስጥ ሌሎች ባለቤቶች አሉበት ማለት ነውና ማንን አስፈቅደሽ እንደምትጽፊ አስቢበት። ስልክሽን ከፍተሽ ድምፅ አትቅጂያት። ‹ስለ አያቴ ንገሪኝ› አትበያት፣ ቡና ማፍላቷ አይቀርም። ቡናውን አንቺ አፍዪላትና ትንንሹን ጠይቂ። ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር? ደመወዝ የተቀበለ ቀን ምን ይዞ ይገባ ነበር? ጎረቤታችሁ ማን ነበር? አባቴን ማን ነው ያዘለው? ከዚያ ሲበቃት ‹አምባሪቾን ታስታውሺዋለሽ?› በያትና ዝም በዪ። ካለቀሰች አታባብያት፣ ከተነሣችም አትከተያት።

ወደ ዱራሜ መሄድሽ አይቀርም። በሻሸመኔና በሃላባ በኩል ነው መንገዱ። ስትደርሺ ሽማግሌዎች ጎሳሽን ቆጥረው የት ቦታ እንደምትገቢ ሊያስቀምጡሽ ይችላሉ፤ ለዚህ ግን የአያትሽ አባት ስም ያስፈልግሻል፣ የሚገኘውም ከጡረታው ፋይል ወይም ከአክስትሽ ነው። ሳትይዢው አትሂጂ። ደግሞ ከስድሳ ዓመት በኋላ ‹የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ› ብላ ከከተማ የመጣች ሴት ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፦ መሬት። ማሳው ድሮውንም አልበቃም፣ ዛሬማ እንዴት ይበቃል። ስለዚህ ገና ሳትቀመጪ፣ ውኃ ሳትጠጪ፣ መሬት ልትጠይቂ እንዳልመጣሽ በሽማግሌ አፍ አስነግሪ። ፊታቸው ሲፈታ ታያለሽ።

ስለ ካርዷ የጻፍሽው አንድ ነገር አሳስቦኛል፤ እንዳትበላሽ በፕላስቲክ አስለብጣታለሁ ብለሻል። ተዪ። በሙቀት የተለበጠ ወረቀት ከዚያ በኋላ አይላቀቅም፤ ጀርባዋ ላይ የተጻፈ ነገር እንዳለ በብርሃን ተቃራኒ ይዘሽ አላየሽም ይሆናል፣ በተለይ ማኅተሙ ካለበት ማዕዘን። ከሁለቱም በኩል ፎቶ አንሺያት፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልያትና በደረቅ ቦታ አስቀምጫት። ወደዚያ የብስኩት ሣጥን ግን አትመልሻት፤ ዝገት ጀምሮታል ብለሻል።